ጭስ ነጋሪ አይታሰርም

የቀኝ እጄ ጀርባ ፀጉር አያበቅልም። የልጅ ልጆቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የመንግሥት ሥራ ነው» እላቸዋለሁ፤ እነሱም መንግሥት የሠራተኛውን እጅ የሚላጭ እየመሰላቸው ዝም ይላሉ። እውነቱ ግን ይህን እጄን የሥራ ዘመኔን በሙሉ ትኩስ አመድ ላይ ሳሳርፈው ኖሬያለሁ። ሥራዬ በባሌ ተራሮች ላይ የሰደድ እሳት መቆጣጠር ነበር።

ጡረታ የወጣሁት አምና ነው። ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ፣ በስንብቱ ንግግር ላይ የአባቴን ስም አሳስተው ጠሩት። ቅር አላለኝም፤ ንግግሩ አጭር ስለነበር በዚያው ካሱኝ። አሁን የምኖረው ሮቤ ነው። በወንበሬ የተተካችው ሰብለ የምትባል ልጅ ናት፤ ከሰሜን ሸዋ የመጣች፣ ቀልጣፋ፣ ሰው አክባሪ፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ። ሰብለ እሳት የምታየው በስልኳ ነው። ሰማይ ላይ የሚዞረው ሳተላይት ሙቀት ሲያገኝ ስልኳ ላይ ቀይ ነጥብ ይወጣል። መጀመሪያ ስታሳየኝ ቀናሁ። እኛ አንድ ጭስ ለማየት ፈረስ ጭነን ተራራ እንወጣ ነበር፤ እሷ ሻይዋን እየጠጣች ታየዋለች።

አንድ ቀን ቤቴ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ ስልክ በፊት እሳት መነሳቱን በምን ታውቁ ነበር?» አለችኝ።

«ሰው ይነግረን ነበር።»

«ሰው ሳይነግራችሁ ሲቀርስ?»

ወሬ ቀየርኩባት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ጥያቄዋ አልሄደም። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት በዚያ ጥያቄ የተነሳ ነው።

የተወለድኩት ጎባ ነው። አያቶቼ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ ወንበር ላይ መዋል የማይሆንልኝ ሰው ወጣሁ። የደን ትምህርቴን እንደጨረስኩ እዚያው ጎባ ተመደብኩ። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃል፤ ለላጤው ፈረስ ገብስ ግን አይበቃም። ፈረሱ የግሌ፣ እሳቱ የመንግሥት ነበር። አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ።

ጋሽ ተፈራ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ራሳቸው ሳይቆጡ ሰው የሚያስቆጡ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ እሳቴን አብሬያቸው ሄድኩ። ከዲንሾ በላይ ጭስ ታየ ተብሎ በፈረስ ደረስን። እሳቱ ሸንተረሩ ላይ ሲንጣጣ ከሩቅ ይሰማል። እኔ እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጬ ልሮጥ ስል እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው እያንዳንዷን ፍሬ ለብቻዋ ይቆረጥሙ ጀመር።

«ጋሼ፣ እየነደደ ነው እኮ!»

«አያለሁ።»

«ታዲያ እንሂዳ!»

«እሱ አብዷል። አንተም ካበድክ ማን ሊይዛችሁ ነው? ይልቅ ቁጭ በል።»

በልቤ ሰደብኳቸው። በእጃቸው ያለው ቆሎ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከጭሱ አልነቀሉም። በኋላ እንዳስተማሩኝ፣ ነጭና ቀጭን ጭስ ሣር ነው፤ ወፍራምና ጠቆር ያለው አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ሲያረጅ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጭስ ጊዜ ይሰጥሃል፤ መሬት ላይ የሚተኛው አይሰጥህም። ቀን ነፋሱ ሽቅብ ይነፍሳል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ከሰነቴ አምባ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርድና እሳቱን ያዞረዋል፤ ስንት ሰው ያሳሳተው ይህ ነው። ቆሎው ሲያልቅ ጋሽ ተፈራ ተነሱና እሳቱ ካለበት በጣም ርቀው፣ ምንም ያልነደደበት ቦታ ላይ ዶማና ገጀራ አስይዘው መንገድ አስመነጠሩን። ሞኝነት መሰለኝ። ሲመሽ እሳቱ ተጠምዝዞ ልክ እዚያ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ በልቤም አልሰደብኳቸውም፤ ቢያንስ በሥራ ጉዳይ።

ሁለተኛው ልማዳቸው «ጠፋ» የሚለውን ቃል መከልከል ነበር። የአስታ እሳት ላይ ላዩን ይበርድና ሥሩ ውስጥ ገብቶ መሬት ለመሬት ሲጤስ ይሰነብታል። ነፋስ ሲያገኝ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ «ተኝቷል» እንላለን እንጂ ጠፋ አንልም። ቃጠሎው ካበቃ በኋላ ጠርዝ ጠርዙን እየሄድን የእጃችንን ጀርባ አመዱ ላይ እናሳርፋለን። መዳፍ አይሆንም፤ መዳፍ በሥራ የደደረ ስለሆነ ይዋሻል። የእጅ ጀርባ ግን ሙቀትን ቶሎ ያውቃል። አንዳንዴ በጣም ቶሎ ያውቃል፤ የእኔ ፀጉር እዚያ ነው የቀረው።

ሦስተኛው ልማዳቸው ከሁሉም ያነሰ ይመስል ነበር። ሰው እየሮጠ መጥቶ ጭስ አየሁ ሲላቸው ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁታል። «ኤሳ ጂራ? ቡቤን ሆ?» ይሉታል በኦሮምኛ፤ የት ነው፣ ነፋሱስ? ሌላ አንድ ቃል አይጨምሩም። ማን እንደለኮሰው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ አስታ ትንሽ ልበል፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ከደኑ በላይ፣ ከሰነቴ አምባ በታች ተራራውን እንደ ካባ የለበሰው ቁጥቋጦ አስታ ነው። ኦሮሞዎቹ ሳቶ ይሉታል። ሲያረጅ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ውስጡ ይደርቃል፤ ከብት አይገባበትም፤ አውሬ ይደበቅበታል። ከነደደ በኋላ ግን ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ያንን ለጋውን ከብት ይወደዋል። ለጋ አስታ ደግሞ እሳት አይቀበልም። ከጎባ በላይ ባለችው በጨፌ ሳቶ መንደር የአርቢዎቹ ጥበብ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነበር። ያረጀውን በለጋ መሐል ቁራጭ ቁራጭ እያደረጉ ያቃጥላሉ፤ እሳቱ ለጋው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ማቃጠል የፈለገ ሰው ለሽማግሌዎች ይናገራል፤ የበልግ ደመና መቋጠር ሲጀምር ቀን ይመረጥለታል፤ ከሸለቆው ማዶ ያለ ጎረቤት ሁሉ ይነገረዋል። እሳቱን የለኮሰው ሰው ደግሞ እስኪተኛ ድረስ ከእሳቱ አይለይም። ጥሎ ወደ ቤቱ የገባ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ከጎረቤት ፍም አይሰጠውም ነበር። ፍም የተከለከለ ሰው ደግሞ ሰው መባሉ ይቀራል።

ከዚያ ማቃጠል በሕግ ተከለከለ። ሕጉ ክፋት አልነበረውም፤ ደኑ እየሳሳ ነበር፣ ከሩቅ ለሚያይ ደግሞ እሳት ሁሉ አንድ ነው። ችግሩ ሰው ማቃጠሉን አልተወም፤ የተወው ከእሳቱ ጋር መሆኑን ነው። አንዱ ደንገዝገዝ ሲል ይለኩስና ይሸሻል፤ ያየውም እኔን እንዳይሉኝ ብሎ ፊቱን ያዞራል። እሳቱ ባለቤት አጣ። ሽማግሌዎቹ ቀን መምረጥ ሲያቆሙ ደግሞ ያ ቁራጭ ቁራጭ የነበረው አስታ አንድ ላይ አረጀ። ጋሽ ተፈራ ይህንን እየዘረዘሩ ሪፖርት ይጽፉ ነበር። ሪፖርቱ የት እንደሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ከጋሽ ተፈራ በላይ ያሉ አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ዛፍ ይወድ ነበር፣ ሰው አይወድም። ሌላው ሰው ይወዳል፤ ስብሰባ ላይ ብቻ። ድርቅ በገባበት ዓመት የነበረው ኃላፊ ደግሞ ተረት ወዳድ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን በትልቅ ሰሌዳ አጽፎ ቢሮው በር ላይ ተከለው። እሳትን በቅጠል የምንገርፈው እኛ ስለሆንን ሰሌዳውን ባየን ቁጥር ክንዳችንን ያመን ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ከጨፌ ሳቶ አንድ ሰው ፈረሱን በር ላይ አስሮ ቢሮ ገባ። ቃሲም ይባላል፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ከሁሴን ጋር ከብትና ንብ ያረባሉ፤ የሁሴን ቀፎዎች ከመንደሩ በላይ ኮሶዎቹ ላይ የተሰቀሉ ናቸው። ቃሲም ኮፍያውን አውልቆ በኃላፊው ፊት ቆመና እንዲህ አለ።

«ኦቦ፣ ከመንደራችን በላይ ያለው ሳቶ አርጅቷል። ዘንድሮ ዝናብ የለም። እናንተ ባላችሁበት፣ እናንተ በመረጣችሁት ቀን ከፋፍለን እናቃጥለው። አለበለዚያ ወላሂ እሱ ራሱ ቀን መርጦ ይመጣብናል።»

ኃላፊው ከዚህ ሁሉ የሰማው «እናቃጥለው» የሚለውን ብቻ ነው። ለሌላው መማሪያ ይሁን ብሎ ፖሊስ አስጠራ። ጋሽ ተፈራ ለመኑት፣ ተከራከሩት፣ በመጨረሻ እጁን ይዘው «ይህ ሰው እኮ ሊነግርህ ነው የመጣው» አሉት። «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ቃሲም ታሰረ። እስኪፈታ ድረስ ጋሽ ተፈራ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ እየዋሉ ይመለሱ ነበር፤ ፈረሱን ደግሞ እኔ ቀለብኩት። ሲወጣ እጃቸውን ዘረጉለት። ጨበጣቸው፤ ፊታቸውን ግን አላየም። ፈረሱን ፈትቶ ወደ ተራራው ወጣ።

የካቲት ላይ እሳቱ መጣ፤ ቃሲም እንዳለው።

ጎባ ሆነን ጭሱን ስናየው ከተራራው ጀርባ ጥቁር ሆኖ ቆሞ ነበር። ጥቁር ጭስ ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ጭስ አይደለም። ፈረሶቹ ሊሞቱ እስኪደርሱ ጋልበን ጨፌ ሳቶ ስንደርስ ወንድ ሴቱ ፊቱ ከስሎ፣ ቅርንጫፍ ይዞ ይገርፋል። ቅንድባቸው ነድዷል። ገና አሁን የጀመሩት እንዳልሆነ ያስታውቃል። ሁለት ቀን ሙሉ ብቻቸውን ሲታገሉ ቆይተዋል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ጎባ ወርዶ የነገረን የለም።

የሁሴን ሚስት ፋጡማ ጀሪካን አዝላ ስታልፍ አስቆምኳት። «ምነው አዴ? ለምን አልነገራችሁንም?» አልኳት፤ በቁጣ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። «የነገራችሁን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?» አለችኝ።

ጀሪካኗን አስተካክላ ሄደች። ባሏ ቀፎዎቹ ወዳሉበት ወጥቶ አልተመለሰም ነበር።

ጋሽ ተፈራ እንደ ልማዳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከኪሳቸው ቆሎ አወጡ። ጭሱን አዩ። ከዚያ አንዲት ፍሬ እንኳ ሳይቀምሱ ቆሎውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። እኔ ፈራሁ የምለው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ፍርሃት የመሰለኝ ሁሉ ድንጋጤ ነበር።

እሳቱ ከአስታው ወደ ደኑ ወረደ። በዚያ ከፍታ ያለ ዛፍ ሁሉ ፂም አለው፤ ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠል ሽበት የመሰለ ነገር ነው፤ በደህና ጊዜ ጤዛ ይይዛል። በድርቅ ሲደርቅ ግን እሳቱን ከግንድ ወደ ጫፍ የሚያወጣው መሰላል እሱ ነው። ኮሶው ከላይ ሲነድ ፍሙ ከእኛ ጀርባ ይወድቅ ነበር። የላይኛው መንደር ቤቱም፣ የገብስ ክምሩም፣ ቀፎውም አለቀ። የታችኛውን መንደርና መስጊዱን ጅረቱን ይዘን አስቀረን፤ ያውም ጋሽ ተፈራ በድፍረት ከፊት ለፊት ሌላ እሳት ለኩሰው ሁለቱ እሳቶች ተገናኝተው ስለተበላሉ ነው። በዚያን ጊዜ ላይ ሆኖ እሳት መለኮስ እሳቸውንም ያሳስር ነበር።

ሁሴንን ያገኘነው መሬቱ ሲበርድ ነው። ቀፎዎቹ አጠገብ አልነበረም። ከነሱ በላይ፣ አስታው የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ የተቃጠለ ቅርንጫፍ በእጁ እንደያዘ ነበር። ጭስ አሳውሮት አቅጣጫ ስቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቃሲም አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክኮ ተቀምጧል፤ አያለቅስም። እኛም ከሱ ራቅ ብለን ቆምን። ዛሬም ድረስ ያ አቋቋማችን ያሳፍረኛል፤ ልንቀርበው መብት ያለን አልመሰለንም ነበር።

በማግስቱ ራዲዮው እሳቱ ጠፋ አለ። ኃላፊዎች መጥተው አመስግነው ሄዱ፣ የመጣው ተማሪና ወታደር ወደየቤቱ ተመለሰ። እኛ ግን ገና አመዱን በእጃችን እየዳሰስን ነበር። እውነተኛው ጉዳት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። የበልጉ ዝናብ ሲዘንብ ተራራው ላይ የሚይዘው ነገር ስላልነበረ አመዱን አዝሎ ወርዶ የመንደሩን ምንጭ ደፈነው። ሴቶቹ ውኃ ፍለጋ ሌላ ሸለቆ ይወርዱ ጀመር። ንብ ለዓመታት አልተመለሰም። በማር ልጁን ይድር የነበረ ሰው ሮቤ ወርዶ ኬሻ ተሸከመ፤ ሌላው በመኸር ጊዜ ሲናና እየሄደ የሰው ስንዴ ያጭድ ነበር። ሮቤ ገበያ ላይ አንዱን ሳገኘው «አካም ጂርታ?» እለዋለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ይለኛል፤ ከዚያ በላይ ወሬ የለንም።

ኃላፊው ስም ፈለገ። ፖሊሶች መንደሩን ቤት ለቤት ማን እንደለኮሰው ጠየቁ። አንድም ሰው አልተነፈሰም። ጋሽ ተፈራ ግን እኔን አስከትለው ለቅሶ ሄዱ። ምንጣፍ ላይ ከሰው ጋር ተቀመጥን፤ የቀረበልንን በላን፤ ስለ እሳት ቃል አልተነሳም። በሰደቃው ቀን ሽማግሌዎቹ ፀሎት አድርገው ሲያበቁ ጋሽ ተፈራ ጅረቱ ዳር ሄደው እርጥብ ሣር ነጭተው መጡና ቆሙ። እርጥብ ሣር ይዞ የቆመ ሰው ሊምል መሆኑን በዚያ አገር ማንም ያውቃል።

«እኔ ሹም አይደለሁም፤ ሕግ አላወጣም» አሉ። «ግን በእኔ በኩል ጭስ ነጋሪ አይታሰርም። ማን ለኮሰው ብዬ አልጠይቅም። ከእኔ በኋላም ይሄ ልጅ አይጠይቅም።»

ልጁ እኔ ነኝ። ሳያማክሩኝ ነው ያስማሉኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ራሴን ነቀነቅሁ፤ ከሣሩ ግማሹን ሰጡኝ፤ ያዝኩት። ቃሲም ከሰው ኋላ ዛፍ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ቢሮ ስንመለስ ኃላፊው «ታዲያ ማን ነው የለኮሰው?» አላቸው።

«አልጠየቅሁም።»

«ለምን?»

«ስለማልኩ።»

ይህቺ መልስ ሮቤ ወዳለ ዕቃ ግምጃ ቤት አስዛወረቻቸው። የአካባቢውን እሳት ሁሉ የሚያውቅ ሰው ጡረታው እስኪደርስ አካፋና ዶማ ሲያስረክብ ቆየ። አንዳንዴ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። «እነዚህ ዶማዎች አንተ ጋ መጥተው ምን ሠሩ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ የእሳቱን ወሬ በዶማው በኩል መስማት ይወዱ ነበር። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ቃሲም ከተራራው ወርዶ መጣ። ፈረሱን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ሰው እስኪበተን ድረስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሲምና እኔ ወዳጆች ሆንን።

መሐላው የተፈተነው ከዓመታት በኋላ ነው። በአንድ በጋ ከዚያው ከጨፌ ሳቶ አንድ ጎልማሳ ፈረሱን በአረፋ አጥምቆ መጣ። ጭስ ጭስ ይሸታል። «ኦቦ ግርማ፣ ከእጄ አመለጠኝ» አለ። ማለትም የለኮሰው እሱ ራሱ ነው፤ ይህንንም በሕግ ሰው ፊት ቆሞ ተናገረ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፤ መሐላው ትዝ አለኝ። «ኤሳ ጂራ? ቡቤን ሆ?» አልኩት። መሬት ላይ በጣቱ ሸንተረሩን ሥሎ አሳየኝ። በጊዜ ስለደረስን፣ በዚያ በትልቁ ቃጠሎ ቦታ ላይ ከበቀለው ለጋ አስታ ጋር እሳቱን አጋጥመን ሳይመሽ አስተኛነው። ሰውዬው ከእሳቱ ጋር እዚያው ቀረ፤ እንደ ጥንቱ። ፖሊስ መጥቶ ማን ነገረህ ሲለኝ «መንገደኛ» አልኩት። ለዚያ የተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያ ማኅደሬ ውስጥ ይኖራል። ከሽልማቶቼ ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ጭስ ሲነሳ ሰው ይመጣልን ነበር። በፈረስ፣ ኋላም በሞተር፣ ኋላም በስልክ።

አሁን ወደ ሰብለ ጥያቄ ልመለስ። ባለፈው የካቲት፣ እዚህ ሮቤ ቤቴ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ቃሲም ደወለ።

«ግርማ፣ ኣራ አየሁ» አለኝ፤ ጭስ ማለቱ ነው።

«የሰብለን ቁጥር ሰጥቼህ የለ? ለሷ ደውል እንጂ።»

«እሷን አላውቃትም። የማልከው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ጡረታ ወጥተሃል። መሐላውም ጡረታ ይወጣል እንዴ?» አለ።

ለሰብለ ደወልኩ። ስልኳ ላይ ምንም ነጥብ የለም፤ ተራራው ላይ ደመና ነበር፤ እሳቱም ገና ትንሽ ነው። አልተከራከረችኝም። «ሰውዬው አየሁ ካለ አለ ማለት ነው» ብላ በመኪና መጥታ ወሰደችኝ።

እሳቱ ከጅረቱ በላይ ባለ ያረጀ አስታ ውስጥ ነበር። የሰብለ ሠራተኞችና የመንደሩ ሰው አንድ ላይ ሆነው ከሰዓት በኋላ አስተኙት። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆሎ ስቆረጥም ዋልኩ፤ ማዕረጌ እዚያ ደርሷል። ሲያበቁ ሰብለ ወደ ጠርዙ ሄደች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ የእጇን ጀርባ አመዱ ላይ አሳረፈችና ፈጥና አነሳችው። «አልተኛም» አለች። ውኃ አስመጣች።

በኋላ ሰው ኮሶው ሥር ተሰበሰበ። ቃሲም ዛሬ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፤ ጺሙ ነጭቷል። ያን የጋሽ ተፈራን ነገር ነገራትና እርጥብ ሣር ዘረጋላት። «ልጄ፣ አንቺስ?» አላት።

ሰብለ ሣሩን አልተቀበለችም። እኔ መሬት ዋጪኝ አልኩ።

«የማልችለውን አልምልም» አለች። «ሕግ አለ። ፖሊስ የራሱን ሥራ ቢሠራ በሩን አልዘጋበትም።» ሰው አጉረመረመ። እሷ ግን ቀጠለች። «የእኔ ሥራ እሳት ነው። ጭስ ያየ ሰው ሲደውልልኝ የት እንዳለና ነፋሱ ወዴት እንደሆነ ነው የምጠይቀው። ሌላ አልጠይቅም። ሌላ ብትነግሩኝም ከእኔ አፍ አይወጣም። ይህን እምላለሁ።»

ያኔ ሣሩን ተቀበለች። የጋሽ ተፈራን ሁለት ጥያቄዎች ነግሬያት አላውቅም ነበር። ከሥራው ከራሱ ነው ያገኘቻቸው።

ቃሲም ኮፍያውን አወለቀ። ቀጥሎ የተናገረው ለእሷ ነበር እንጂ ለእኔ አይደለም።

«ያን ትልቁን እሳት የለኮሰው ወንድሜ ነው» አለ። «ሁሴን። ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ከችቦው ፍንጣሪ ሳቶው ውስጥ ገባበት። እየሮጠ መጥቶ ነገረን። ጎባ ወርጄ ለነተፈራ ልንገር አለ፤ ፈረሱን ጭኖ ነበር። ልጓሙን የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔ ታስሬ አይቼዋለሁ፣ አትሄድም አልኩት። እንግዲያው ከእሳቴ ጋር እሆናለሁ አለኝና ተመልሶ ወጣ።»

መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቅርንጫፉን በእጁ እንደያዘ ያገኘነው ቦታ ትዝ አለኝ። አቅጣጫ አልሳተም። የለኮሰ ሰው ሊሆን የሚገባው ቦታ ላይ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ያልጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ይህ ሆነ፤ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ አልያዝኩትምም።

ሁላችንም ሰብለን አየናት። ሣሩ በእጇ ነው። ቃሲም ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

«ነፋሱስ?» አለችው ቀስ ብላ። «ያን ቀን ነፋሱ ወዴት ነበር አባባ?»

ቃሲም እጁን አነሳና ከአስታው ወደ ደኑ፣ ከደኑ ወደ መንደሩ አወረደው።

«ወደ እኛ» አለ። «ወደ እኛ ነበር፣ ልጄ።»